ኤፕሪል አንድ ቀን በቤታችን የነበርን

ያን ሐሙስ ጠዋት እህቴ የተቆጣችኝ በመኪና ቁልፍ ነው። ማታ ቦርሳዬን ከመኪናዋ ላመጣ ወርጄ ቁልፉን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ረስቼዋለሁ። ክፍሌ በር ላይ ቆማ፣ አንድ ጫማዋን አጥልቃ ሌላውን በእጇ ይዛ፣ «አንተ ልጅ፣ ዛሬ ካስረፈድከኝ ለእማማ አንተ ነህ የምትደውልላቸው» አለችኝ። ከአልጋዬ ሳልነሳ ቁልፉን ወረወርኩላት። በአየር ላይ ቀለበችው። «በግራ እጄ ነው፣ አየህ?» ብላ ወጣች።

ሌላ ምንም አልተባለም። በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፣ የተረሳኝ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ። የለም። ቁልፉ ነው።

ጸሎተ ሐሙስ ነበር። በፈረንጅ ኤፕሪል አንድ፣ ሁለት ሺህ አሥር። እናቴ ለጉልባኑ ባቄላና ስንዴ ከዋዜማው ጀምራ ዘፍዝፋለች። የምትሠራው ሆቴል አልጋ በማንጠፍ ነው፤ ለሐሙስና ለዓርብ ፈቃድ ጠይቃ ቤት ቀርታ ነበር። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ሌሊት ታክሲ ሲነዳ አድሮ ሳሎን ሶፋው ላይ ያንኮራፋል። ለአንድ ወር ብሎ መጥቶ ሦስት ዓመት የተኛበት ሶፋ ነው። እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሃይስኩል ልጨርስ ጥቂት የቀረኝ። አባታችን አዲስ አበባ እያለን ነው የሞተው። እንግዲህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ላንድማርክ የሚባለው የገበያ ማዕከል ጋ ባለው አፓርታማችን ውስጥ አራት ሰው ነበርን።

«አራት» ብዬ እንዲህ በቀላሉ መጻፍ ያኔ አይቻልም ነበር። በእኛ ቤት ሰው አይቆጠርም።

ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጨው ዕቃው ሥር፣ የሕዝብ ቆጠራ ፎርም ነበር። በፖስታ ከመጣ ሰንብቷል። የአሜሪካ መንግሥት በየአሥር ዓመቱ ሰው ይቆጥራል፤ ሴንሰስ ይሉታል። ፎርሙ የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ኤፕሪል አንድ ቀን በዚህ ቤት ማን ማን ይኖር ነበር? ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ ዝምድናቸው። እህቴ ይህ ፎርም አንድ ሰው ሳይጎድል እንዲሞላ ትፈልግ ነበር። እናቴ ጭራሽ እንዳይሞላ። ለምን እንደሆነ አስቀድሜ ልናገር። ጽሑፍ ብዙ አልችልበትም፤ ከትምህርት ቤት በኋላ ይህን ያህል ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። በቅደም ተከተሉ ልሂድ።

እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ጎረቤት ከተማ አንዲት አሮጊት ትንከባከብ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፣ ወደ ዘጠና የተጠጉ። በእኛ ቤት «እማማ» የምንላቸው እሳቸውን ነው። ገላቸውን ታጥባቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ታቀርባለች፣ ፀጉራቸውን ታበጥራለች። ይህ ሥራዋ ነው። ከሥራዋ ውጭ ደግሞ ትጠይቃቸዋለች። እናትዎ የት ተወለዱ? አያትዎስ? የማን ዘር ናቸው? የእኛ ሰው ሰውን የሚተዋወቀው እንደዚያ ነው።

እማማ አንድ ቀን የሆነ ነገር ነገሯት። እናታቸው ልጅ ሳሉ ታናሽ እህት ነበረቻቸው። በሦስት ዓመቷ ሞተች። ፎቶ የላትም፤ መቃብሯ ላይ ድንጋይ አልቆመም። እናታቸው ግን እስኪሞቱ ድረስ ስሟን ይጠሩ ነበር። «አሁን ያን ስም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» አሏት። «እኔ የሄድኩ ዕለት ልጅቷ ጭራሽ እንዳልተፈጠረች ትሆናለች።»

እህቴ ይህን ሰምታ መተው አልቻለችም። ላይብረሪ ሄዳ ጠየቀች። የድሮ ቆጠራ ወረቀቶች ሰባ ሁለት ዓመት ተዘግተው ይቆያሉ፣ ከዚያ ለማንም ይከፈታሉ፣ በኮምፒዩተር ላይ ፎቷቸውን ማየት ይቻላል አሏት። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን ይዛ መሄድ ጀመረች። እኔ ማውሱን እይዛለሁ፤ እሷ ታነባለች።

መጀመሪያ የሠራነው ስህተት ሐበሻ ብቻ የሚሠራው ነው። እህቴ የእማማን ሁለተኛ ስም ወሰደችና «ይሄ የአባታቸው ስም ነው» አለች። የማንም ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም አይደል? ስለዚህ በዚያ ስም የሚጠራ ሰውዬ ፈለግን። አገኘንም። ቨርጂኒያ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ዕድሜው ልክ ነው፤ ሴት ልጅ አለችው። እህቴ ወረቀቱን አትማ፣ በላስቲክ ሸፍና ለእማማ ወሰደችላቸው። «አባትዎን አገኘናቸው!» አለቻቸው። እማማ በማጉያ መነጽር ብዙ ካዩት በኋላ፣ «ልጄ፣ መልካም ሰው ይመስላል፤ ግን ነጭ ነው እኮ» አሉ። እውነትም ከስሙ ቀጥሎ ነጭ የሚል ምልክት አለ። አላየነውም። እማማ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ስልክ ሲደውሉላት «አባቴ ደህና ነው?» ይሏት ነበር።

እዚህ አገር ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ስም እንደሚጠራ፣ ሴቷም ስታገባ እንደምትቀይረው ያኔ ነው በደንብ የገባን። እንደገና ጀመርን። አሁን ደግሞ የእማማ አያት ስም በትክክለኛው መንገድም ተፈልጎ ጠፋ። ቆጣሪው እንደሰማው ስለሚጽፍ ማሽኑ አያውቀውም። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እህቴ ግን፣ «ስሙን እንተወው። ቆጣሪው በእግሩ ነው የሄደው፤ እኛም ቤት ለቤት እንሂድ» አለች። የእማማ እናት ያደጉበትን ገጠር አውቃለች፤ ጎረቤታቸው ቀጥቃጭ እንደነበረም ነግረዋታል። ስለዚህ የዚያን አገር ቆጠራ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበችው። የገበሬ ቤት፣ የገበሬ ቤት፣ የአጣቢ ቤት። በማያውቁት የእጅ ጽሑፍ፣ በሰው አገር ቋንቋ። እሷም እንደኔ ከሃይስኩል ሌላ አልተማረችም።

ቀጥቃጩን አገኘችው። ከእሱ በታች ያለው ቤት የእማማ አያት ቤት ነበር። አባት፣ እናት፣ ልጆች። ከሁሉም በታች የሦስት ዓመት ሴት ልጅ። ስሟ እማማ የነገሯት ስም ነው። እህቴ ማውሱ ላይ ያለውን እጄን በእጇ ያዘችው። «አታንቀሳቅሰው» አለችኝ። «ይጠፋብናል።»

አንድ ነገር ግን ግራ ገባት። ልጅቷ የሞተችው እንጆሪ በሚለቀምበት ሳምንት፣ በጁን መጀመሪያ ነው ይላሉ እማማ። ገጹ አናት ላይ የተጻፈው ቆጣሪው የመጣበት ቀን ግን በወሩ መጨረሻ ነው። የሞተች ልጅ እንዴት ተቆጠረች? ጠየቀች፣ አነበበች፣ ደረሰችበት። በዚያ ቆጠራ ጥያቄው ጁን አንድ ቀን በቤቱ ማን ነበር የሚል ነው። በዚያ ቀን በሕይወት የነበረ ሰው ቆጣሪው እስኪመጣ ቢሞትም ይጻፋል። ስለዚህ እናትየዋ ልጇን ቀብራ፣ በሯን ላንኳኳ ለማታውቀው ሰው ስሟን ጠርታለታለች። በምድር ላይ ልጅቷ የተጻፈችው እዚያ ቦታ ብቻ ነው።

እማማ ወረቀቱን ሲቀበሉ አብሬያት ነበርኩ። ስሙን ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያ እህቴን አገጯን ያዙና ለእኔ «ይህችን ታውቃታለህ?» አሉኝ። «እህቴ ናት» አልኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

እህቴ ይህን ሁሉ ለእናታችን ነገረቻት። በዚያ በድሮው ቆጠራ ላይ ሴቶች ስንት ልጅ ወለድሽ፣ ስንቱ በሕይወት አለ ተብለው ይጠየቁ እንደነበርም ነገረቻት።

«በሯ ላይ አቁመው?» አለች እናቴ።

«አዎ እማ። ሁለት ዓምድ አለው።»

«እኔን ቢሆን በሩን በአፍንጫቸው ላይ ነበር የምዘጋው። ልጅ ይቆጠራል? በግ ነው?»

የእናቴ ነገር ግን የልጅ ቁጥር አይጠራም ከማለት ያለፈ ነበር። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ቤት ለቤት እየዞረ ይመዘግብ ነበር። ለስኳርና ለሳሙና ተብሎ የተመዘገበ ስም፣ ቆይቶ ለውትድርና ይፈለጋል። አጎቴ ያኔ ጎረምሳ ነው። መዝጋቢዎቹ ሲመጡ እናቴ ኮርኒሱ ላይ አወጣችውና በሩን ከፈተች። «ወንድ የለም፤ እኔና እናቴ ብቻ ነን» አለች። የጎረቤት ልጆች ተቆጠሩ። ሄዱ። ያልተመለሱ አሉ። አጎቴ በአቧራና በአይጥ መሀል ተኝቶ ቀረ፤ ስለዚህ ነው ዛሬ አሌክሳንድሪያ ሶፋ ላይ የሚያንኮራፋው። በእናቴ ሒሳብ የተቆጠረ ይሄዳል፣ ያልተቆጠረ ይቀራል።

ወደ ሐሙስ ልመለስ።

እህቴ ከሰዓት በኋላ መጣች። ጉልባኑ ቀርቦ ከበን ተቀመጥን። ጥቂት ቀማመሰችና ፎርሙን ከጨው ዕቃው ሥር ጎትታ አወጣችው።

«እንግዲህ ቀኑ ዛሬ ነው» አለች።

«ዛሬ ጸሎተ ሐሙስ ነው» አለች እናቴ።

«እሱም ነው፣ ይሄም ነው።»

አጎቴ ጉልባኑን በእፍኙ እንደያዘ፣ «ወይዘሪት ቀበሌ መጣች! በይ እንጂ፣ ስኳር ስንት ኪሎ ይደርሰናል?» አለ።

«ለጋሼ ሁለት ኪሎ። ሲያንኮራፋ ስለሚያስቸግር አንዱ ይቀነስበታል።»

«እሱን አትጽፊውም» አለች እናቴ። «የቤት ኪራዩ ሊዝ ላይ ስሙ የለም። የአፓርታማው ኦፊስ ከሰማ ያስወጣናል።»

«እማ፣ ለኦፊሱ አይናገሩም። ሕግ ነው። ሰባ ሁለት ዓመት ማንም አያየውም።»

«ሕግ?» አለ አጎቴ። «እኔ ሕግ የሚል ቃል ስሰማ ኮርኒሱን ነው የማየው።» ቀና ብሎም አየው። የእኛ አፓርታማ ኮርኒስ ደግሞ ኮንክሪት ነው፤ ሰው አይሸሽግም። ሁላችንም ሳቅን። እናቴም ሳቀች።

«ታዲያ ከሰባ ሁለት ዓመት በኋላ ማን ይፈልገናል?» አልኩ እኔ።

«ያንተ የልጅ ልጅ» አለችኝ። «አንድ ቀን ቁጭ ብላ ትፈልገናለች። ስትከፍተው ጋሼ ከሌለ፣ ‹ሶፋ ላይ የሚተኛ አጎት ነበራቸው ይባላል› ትላለች፤ ማንም አያምናትም። የኛ ስም ደግሞ ያስቸግራታል። እኔና አንተ በአባታችን ነን፣ እማና ጋሼ በአባታቸው። ሁለት ባዕድ ቤተሰብ አንድ ቤት የተከራየ ይመስላታል። ስለዚህ ዝምድናው በትክክል መጻፍ አለበት።» ከዚያ ጣቷን እያጠፈች አሰበች። «አንተ ያኔ ዘጠና ዓመትህ ነው፣ እኔ ዘጠና ስምንት። የኔ ዓይን አያይም። አንተ ታነብልኛለህ።»

«ፋሲካ ይለፍ» አለች እናቴ። «በሕማማት ልጆቼን አልቆጥርም።»

እህቴ እናቴን ተጫነቻት አልልም። ፎርሙን አጠፈችው። «እሺ፣ ፋሲካ ይለፍ። ግን መቼም ብንሞላው የሚጠይቀን ስለ ዛሬ ነው» አለች። እስክሪብቶዋን ሰካችበትና መልሳ ከጨው ዕቃው ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ ሳህኖቹን አጠበች። ተራው የኔ ነበር።

በማግስቱ ስቅለት ነው። እናቴ ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እህቴ እማማን አጥባ፣ ቁርሳቸውን አብልታ ልትከተላት ነበር። ከሲልቨር ስፕሪንግ ስትመለስ፣ አውራ ጎዳናው ላይ፣ ዝናብ ነበር፣ አንድ የጭነት መኪና። ሆስፒታል አልደረሰችም። ለአጎቴ ደወሉለት። አጎቴ ለእኔ ነገረኝ፤ እንዴት እንደነገረኝ አላስታውስም። ታክሲውን መንገድ ዳር አቁሞ መሬት ላይ መቀመጡን ብቻ ነው የማስታውሰው።

በእኛ ወግ ለእናት እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። ስትጾምና ስትሰግድ ውላ ለደከመችም አይነገርም። ሲነጋ፣ ሰዎች ተሰብስበው ነው መርዶ የሚያረዱት። እናቴ ወደ ማታ ላይ ስትመጣ አጎቴ፣ «እማማ ትንሽ አሟቸው እዚያው አደረች» አላት። እሷም «እሰይ፣ ብቻቸውን አላደሩም» አለች።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። እናቴ ከፈተች። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ከኋላቸው ሽማግሌዎች። እናቴ አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ዞር ብላ አጎቴን አየች፣ እኔን አየች። እናቴ ሰው ስትቆጥር ያየሁት ያኔ ነው።

ቤቱ ሞላ። ፀሐይ ከወጣ በኋላ ወንበር ሊገባ ጠረጴዛው መነሳት ነበረበት። አንዲት ጎረቤታችን በላዩ ያለውን ሁሉ፣ የፒዛ ማስታወቂያውን፣ ያልተከፈቱ ፖስታዎችን፣ በአንድ እጇ ሰብስባ ቆሻሻ ላስቲክ ውስጥ ልትከት ስትል እስክሪብቶው ወደቀ። የእህቴ እስክሪብቶ ነው። ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። ፎርሙን ከእጇ ወሰድኩት። ደነገጠች።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ኮሪደሩ በጫማ ተሞልቷል። ፎርሙን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። አንደኛ ሰው፣ እናቴ። ጻፍኩ። ሁለተኛ ሰው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ያች የእንጆሪዋ ልጅ ትዝ አለችኝ፤ እናቷም በሯ ላይ። ከዚያ የእህቴን ስም ጻፍኩ። ፊደሎቹን በየሳጥናቸው፣ ቀስ ብዬ፣ ማንም ከመቶ ዓመት በኋላ እንዳይቸገር። ዕድሜ፣ ሃያ ስድስት። ለአንደኛው ሰው ያላት ዝምድና፣ ልጅ። ቀጥሎ ራሴን ጻፍኩ።

አጎቴ ሊያጨስ ወጥቶ አገኘኝ። ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ አነበበ።

«እሷን ጻፍካት?»

«ሐሙስ ነበረች፣ ጋሼ።»

ሲጋራውን ሳያቀጣጥል ወደ ኪሱ መለሰው። «ነበረች» አለ። «ሳህን ስታጥብ ነበረች።» ከአጠገቤ ተቀመጠ። «እኔንስ?»

«እማ አትጻፈው ብላለች።»

«ጻፈኝ» አለ። «ከነአባቴ ጻፈኝ። እሷ ያለችበት ወረቀት ላይ እኔ አልቀርም።»

ጻፍኩት። አራተኛ ሰው። ለአንደኛው ሰው ያለው ዝምድና፣ ወንድም። የቀረው የላይኛው ሳጥን ብቻ ነው። በጠቅላላው ስንት ሰው? እሱን ያለ እናቴ መሙላት አልቻልኩም። ስሙን ሰርቄ ጻፍኩ ይባል፤ ቁጥሩ ግን የእሷ ነው።

እናቴ መሬት በተነጠፈው ፍራሽ ላይ፣ በሴቶች መሀል ነበረች። ድምጿ ጠፍቷል። ፊቷ ተንበረከክሁ። ፎርሙን አየችው። እንግሊዝኛ ብዙ አታነብም፤ የልጇን ስም ግን ከሥራ ባጇ ላይ ታውቀዋለች። ጣቷን አሳረፈችበት።

«የሐሙሱ ነው?» አለችኝ።

«የሐሙሱ ነው፣ እማ።»

«ስንት አልክ?»

«ገና ነኝ።»

አንዷ ሴትዮ «ኧረ ተዋት፣ አሁን ምን…» ስትል እናቴ እጇን አነሳች።

«አራት በል» አለች። «አራት ነበርን።»

እዚያው ፊቷ ጻፍኩት። ፖስታውን በምላሴ አሽጌ ወረድኩ።

ፖስታ ሳጥኑ ከአፓርታማው ባሻገር፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ነው። ዝናቡ አባርቶ ነበር። መንገዱን ተሻገርኩ፣ ክዳኑን ጎተትኩ፣ ከተትኩት። መልሼ ከፍቼ መውረዱን አየሁ።

ስዞር አንድ ሽማግሌ ከአውቶቡስ ሲወርዱ አየሁ። በቀጥታ ከቤተ ክርስቲያን መምጣታቸው ነው፤ የቀዳም ስዑር ቄጠማ ግንባራቸው ላይ ታስሯል። ሕንጻዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ግራ ገብቷቸዋል።

«ልጄ፣ ሐበሻ ነህ አይደል?» አሉኝ። «ልቅሶ ቤት ነበር የምፈልገው። የአንዲት ወጣት ልጅ። ታውቃታለህ?»

«ወንድሟ ነኝ፣ አባባ» አልኳቸው። ክንዳቸውን ይዤ መንገዱን አሻገርኳቸው።